ፊልም ለውድድር ስታስገቡ፦ ከቅድመ ዳኝነት ወንበር የታዘብኩት

የፊልም ውድድር ጥሪ በወጣ ቁጥር ስልኬ ዕረፍት የለውም። የሚደውሉት አብዛኞቹ የመጀመሪያ ወይም የሁለተኛ ፊልማቸውን የጨረሱ ልጆች ናቸው። ጥያቄያቸውም ያው ነው፦ «ጋሼ፣ ዳኞች የሚፈልጉት ምንድን ነው?» እኔ የድምፅ ሰው ነኝ። ቀረጻ ላይ ቡም (በረጅም ዘንግ ጫፍ የታሰረ ማይክ) ይዤ ውዬ አድሬአለሁ፣ ስቱዲዮ ውስጥ የፊልም ድምፅ ሚክስ አድርጌአለሁ፣ ማለትም ንግግሩን፣ ሙዚቃውንና ሌላውን ድምፅ አመጣጥኜ አዋህጃለሁ፤ በመሐል ደግሞ ለአገር ውስጥ ውድድር የሚገቡ ፊልሞችን ከሚያጣሩት ቅድመ ዳኞች ጋር ተቀምጫለሁ። የትኛው ውድድር እንደሆነ አልናገርም፤ ዳኛ የነበረ ሰው የሰው ፊልም በስም እየጠራ ሲያወራ ደስ አይልም። ለእያንዳንዱ በስልክ ከምደጋግመው አንዴ ልጻፈውና ልገላገል ብዬ ነው የተነሳሁት።

አስቀድሜ የማምንበትን ልበል። እኔ ካየኋቸው ፊልሞች ዕጩ ሳይሆኑ የቀሩት ብዙዎቹ ታሪካቸው ደካማ ሆኖ ወይም ተዋናዮቻቸው ሳይችሉ ቀርተው አይደለም። ዳኛው ስላልሰማቸው፣ የግርጌ ጽሑፋቸውን (ሰብታይትሉን) ማንበብ ስላቃተው ወይም ፋይላቸው አልከፈት ስላለው ነው። ለካሜራ ኪራይ የሚወጣው ብር ጥቂቱ እንኳ ወደዚህ ቢዞር ውጤቱ ሌላ ይሆን ነበር።

በመጀመሪያ የት እንደምታስገቡ ለዩ። በእኛ አገር ፌስቲቫልና ሽልማት እንደ አንድ ነገር ይወራል፤ አሠራራቸው ግን ይለያያል። ጉማ የፊልም ሽልማትን ብትወስዱ፣ በፊልም ዳይሬክተሩ ዮናስ ብርሃነ መዋ አነሳሽነት በ2006 ዓ.ም. ሲጀመር ስሙን የወሰደው ሚሼል ፓፓታኪስ በ1966 ዓ.ም. ከሠራው ፊልም ነው። እንዲህ ያለው ሽልማት በዓመቱ ለተመልካች የቀረበውን ሥራ በየዘርፉ ይመዝናል፤ ፊልሙን ብቻ ሳይሆን ጸሐፊውን፣ ካሜራ ባለሙያውን፣ ኤዲተሩን፣ ሜካፕ የሠራችውን ልጅ ለየብቻ ያያል። ፌስቲቫል ግን ዋና ሥራው ማሳየት ነው። የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል አለ፤ ዘጋቢ ፊልም ለምትሠሩ ደግሞ የአዲስ ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል አለላችሁ። ፌስቲቫሎች፣ በተለይ የውጭዎቹ፣ ገና ያልታየ ፊልም ይወዳሉ። አጭር ፊልሙን በጨረሰ ማግስት ዩቲዩብ ላይ ለቅቆ ከወር በኋላ «የት ላስገባው?» ብሎ የሚደውልልኝ ልጅ ብዙ ነው። በራሱ እጅ ብዙ በር ዘግቷል። ቅደም ተከተሉ ፌስቲቫል፣ ከዚያ ሲኒማ ወይም ቴሌቪዥን፣ ዩቲዩብ በመጨረሻ ነው። ገንዘብ ቸግሯችሁ ቶሎ መልቀቅ ካለባችሁ ልቀቁት፤ ግን የምታጡትን አውቃችሁ ይሁን።

ቅድመ ዳኝነት ሰው እንደሚያስበው በጨለማ አዳራሽ፣ በትልቅ ስክሪን የሚሠራ ሥራ አይደለም። ፊልሞቹ በሃርድ ዲስክ ወይም በሊንክ ይሰጡሃል፤ ከሥራ ስትመለስ ማታ ማታ ታያለህ። መብራት ይሄዳል፣ ኢንተርኔቱ ይዞርብሃል፣ ጎረቤት ሰርግ አለ። በመጨረሻ የሞላኸውን ቅጽ ይዘህ ከሌሎቹ ጋር ትገናኛለህ። ቅጹ ላይ ከየዘርፉ ጎን የነጥብ ቦታና «አስተያየት» የምትል ጠባብ ሳጥን አለች። አንድ ፊልም ለስድስት ለሰባት ዘርፍ የመታጨት ዕድሉን የሚያገኘው ወይም የሚያጣው በዚያች ሳጥን ውስጥ በሚጻፉ ሁለት ሦስት ቃላት ነው።

ስለዚህ አጀማመሩን አስቡበት። የኛ ፊልም ሲከፈት ብዙውን ጊዜ ድሮን ይነሳል። ከተማዋ ከላይ ትታያለች፣ ቀላል ባቡሩ ያልፋል፣ ፀሐይ ትወጣለች። ከዚያ ምስጋና ይከተላል፦ ሆቴሉ፣ የሙሽራ ልብስ ቤቱ፣ የውበት ሳሎኑ፣ መኪና የተባበረን ወንድማችን። ቀጥሎ የፕሮዳክሽኑ ሎጎ በእሳት እየነደደ፣ በብረት ድምፅ እየተንኳኳ ይመጣል። ታሪኩ ገና አልጀመረም፤ ማታ ሦስተኛ ፊልሙን የሚያይ ሰው ግን ቡናውን አስደግሟል። ስፖንሰሩን አታመስግኑ አይደለም የምለው፤ ምስጋናውን ወደ መጨረሻው አውርዱት። ለውድድር የሚገባውን ኮፒ ከሲኒማው ለይቶ ኤዲት ማድረግ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ፊልሙን ዳኛ እስከ መጨረሻው ያየዋል፣ ግዴታውም ነው፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ላይ የያዘው ስሜት እስከ ነጥብ መስጫው ድረስ አብሮት ይሄዳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በአንደኛው ዙር ለምርጥ መሪ ተዋናይ ሊታጭ የሚገባው አንድ ልጅ ነበር። ፊልሙ መሐል ላይ እናቱ ማድ ቤት ቆማ ሽንኩርት ስትከትፍ በሩን ተደግፎ ያልተናገረውን ሁሉ ይናገራል። ረጅም ንግግር ነው፣ ሳይቆረጥ ነው የተቀረጸው። ፊቱን ስታየው ትንፋሽህን ትይዛለህ። ከኋላው ግን ፍሪጁ ያጓራል። ልጁ ድምፁን ዝቅ ባደረገ ቁጥር ኤዲተሩ ድምፁን ከፍ አድርጎታል፤ ፍሪጁም አብሮ ከፍ ይላል። ሲጨርስ ደግሞ ፍሪጁ በራሱ ጊዜ ጠቅ ብሎ ጠፋና ቤቱ ጭር አለ፤ የሚቀጥለው ሾት ላይ ማጓራቱ ተመለሰ። ስንሰበሰብ እኔ ለልጁ ተከራከርኩ። ቴአትር ሲያስተምሩ የኖሩ አንዲት አንጋፋ ዳኛ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ልጄ፣ ተዋናይ መሆኑን አይቻለሁ። ያለውን ግን አልሰማሁትም። ላልሰማሁት ቃል ምን ብዬ ነጥብ ልስጥ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ልጁ ቀረ። ጥፋቱ የእሱ አልነበረም፤ የድምፅ ዘርፍ ላይ የሚገኝ ድክመት የድምፅ ዘርፍ ላይ ብቻ አይቆምም፤ ትወናውንም፣ ጽሑፉንም፣ ዳይሬክቲንጉንም ይዞ ይወርዳል።

ፍሪጅ እንዴት እንደሚያዝ ልንገራችሁ። ከሶኬቱ ንቀሉትና የመኪናችሁን ቁልፍ ፍሪጁ ውስጥ አስቀምጡ። ቀረጻው ሲያልቅ ያለ ቁልፍ መሄድ ስለማትችሉ መልሶ መሰካቱን አትረሱም፤ የባለቤቲቱ ሥጋም አይበላሽም። የትም አገር የድምፅ ሰው የሚያውቃት ዘዴ ናት። መኪና ከሌላችሁ የቤት ቁልፍም ይሠራል።

ጄነሬተር የግድ ከሆነ ረጅም ኬብል ተከራዩና ከቤቱ ጀርባ፣ የሚቻል ከሆነ ከአጥር ውጪ አኑሩት። የኬብሉ ኪራይ ውድ አይደለም። የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ቤት በክረምት አትምረጡ፤ ዝናቡ ሲጀምር የሚቀረጽ ንግግር የለም። አካባቢውን ስታዩ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ጥቂት ደቂቃ አዳምጡ፦ ብረት ቤት አለ? ወፍጮ አለ? ታክሲ ተራው የት ነው? ረዳቱ «መገናኛ፣ መገናኛ!» ሲል ይሰማል? ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ አጠገብ ከሆነ ሰዓቱን ጠይቁ። በጾም ወራት ቅዳሴ ቀን ላይ ስለሆነ፣ ጠዋት ጸጥ ያለ ሰፈር ከቀትር በኋላ በድምፅ ማጉያ ሊሞላ ይችላል። ማንንም ዝም በሉ ማለት አይቻልም፣ አይገባምም፤ ፕሮግራማችሁን ነው የምታስተካክሉት።

ባዶ ሳሎን ያስተጋባል። ብርድ ልብስና ጋቢ በካሜራው ጀርባ ስቀሉ፣ መሬቱ ላይ ምንጣፍ አንጥፉ። ደረት ላይ የምትደበቅ ማይክ ስታስሩ ልብሱን አስቡ፤ ነጠላ ሲፈገፈግ ይሰማል፣ አንገት ላይ ያለ ጌጥ ማይኩን ሲነካ ይንቃጨላል። ከአልባሳት ሠራተኛዋ ጋር ከቀረጻው ቀን በፊት ተነጋገሩ። ደግሞ እያንዳንዱ ቦታ ላይ ሁሉም ሰው ባለበት ቆሞ፣ ማንም ሳይናገር የክፍሉን ባዶ ድምፅ ለአንድ ደቂቃ ቅረጹ። ዳይሬክተሩ «ጊዜ የለንም» ይላል። ይበል። ያቺ ደቂቃ ከሌለች ኤዲተሩ በሁለት ንግግር መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላበት የለውም፤ ድምፁ ጉድጓድ ውስጥ እየገባ የሚወጣ ይመስላል። ዳኛ ምክንያቱን ባያውቅም ይሰማዋል፤ ሳጥኗ ውስጥ «ያልጠራ» ብሎ ይጽፋል።

ሚክስ ላይ ደግሞ ማጀቢያ ሙዚቃውን ቀንሱ። ሲያለቅሱ ዋሽንት፣ ሲሮጡ ከበሮ፣ ሲፋቀሩ ፒያኖ፣ ሲያስቡ እንደገና ዋሽንት። ፊልሙ ለአፍታ ዝም ለማለት የሚፈራ ይመስላል። ለምርጥ ማጀቢያ ሙዚቃ ሲታጩ ያየኋቸው ሥራዎች ዝም ማለት የሚያውቁ ነበሩ። ሌላው በሽታ በጆሮ ማዳመጫ ብቻ ሚክስ አድርጎ መጨረስ ነው። በማዳመጫ የሚጣፍጠው በአዳራሽ ሌላ ነው፤ ዝቅ ያለው ንግግር ይጠፋል፣ ወፍራሙ ድምፅ ወንበር ያንቀጠቅጣል። አንድ ሲኒማ ቤት ሄዳችሁ ኦፕሬተሩን በትሕትና ለምኑት፤ ጠዋት ከመጀመሪያው ፊልም በፊት አዳራሹ ባዶ ነው። አሥር ደቂቃ ብታጫውቱ ይበቃል። አንዱ ከፊት፣ አንዱ መሐል፣ አንዱ ከጥግ ይቀመጥ። ከጥግ የተቀመጠው ንግግሩ ካጠገቡ ካለው ስፒከር ብቻ የሚመጣ ከመሰለው፣ ድምፁ ስቴሪዮ ሆኖ፣ ለግራና ለቀኝ ስፒከር ብቻ ነው የተሠራው ማለት ነው። ንግግር ከስክሪኑ መሐል እንዲወጣ ፋይቭ ፖይንት ዋን (ለመሐለኛው ስፒከር የራሱ ቻናል ያለው የሲኒማ ድምፅ) አስደርጉት፤ ሌላውን ቻናል ባትጠቀሙበት እንኳ ለመሐለኛው ስትሉ።

የግርጌ ጽሑፍ ሌላው የሚናቅ ነገር ነው። የለቅሶ ትዕይንት አለ፤ ሴቶቹ ሁሉ ነጠላ አዘቅዝቀው ለብሰዋል፣ ድንኳኑም ነጭ ነው። የግርጌ ጽሑፉ ቀለም ምን ይሆናል? ነጭ። ከዳኞቹ አንዱ አማርኛ የማይሰማ ሰው ነበር፤ የፊልሙን ትልቅ ትዕይንት ምንም ሳያነብ አለፈ። ፊደሉ ዙሪያውን ጥቁር ጠርዝ ይኑረው ወይም ከሥሩ ደብዘዝ ያለ ጥቁር መደብ ይዘርጋለት። ከሁለት መስመር አትለፉ፤ አንዱ መስመር ከ40 ፊደል ብዙ ባይርቅ ጥሩ ነው። ትርጉሙን ዋሽንግተን ወይም ለንደን ላለ ዘመድ መስጠት የተለመደ ነው፣ ክፋት የለውም፤ ግን የንግግሩን ጽሑፍ ብቻ ሳይሆን ፊልሙን ላኩለት፣ እሱም ኤዲቲንግ ካለቀ በኋላ። የግርጌ ጽሑፉ ከተሠራ በኋላ አንድ ሾት ብትቆርጡ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ይዛነፋል፤ አንዱ ተናግሮ ሳይጨርስ የሌላው መልስ ይወጣል። ጽሑፉ የተለጠፈበት አንድ ኮፒ፣ ያልተለጠፈበት ንጹሕ ኮፒና የኤስአርቲ ፋይሉ (የግርጌ ጽሑፉ ከነሰዓቱ ብቻውን የሚቀመጥበት) ለየብቻ ይኑሯችሁ።

ወደ ፋይሉ ልምጣ፤ ይህን ክፍል ዳይሬክተሮች ለኤዲተር፣ ኤዲተሮች ለዳይሬክተር ይተዉታል። ቴሌቪዥናችን በሴኮንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) የሚሄድ ስለሆነ እዚህ አገር ብዙው ካሜራ በ25 ይቀረጻል። ሲኒማ ቤት የሚጫወተው ዲሲፒ (ለሲኒማ ማሳያ ተብሎ የሚዘጋጀው የፊልም ፋይል) ግን መደበኛው 24 ነው። 25 የነበረውን ወደ 24 ስታዘገዩት የ90 ደቂቃ ፊልም 93 ደቂቃ ከ45 ሴኮንድ ይሆናል፤ ድምፁ አብሮ ካልተስተካከለ አፍና ቃል ይለያያሉ። ፊልሙ ለሲኒማና ለፌስቲቫል ከሆነ ቀረጻ ከመጀመራችሁ በፊት በ24 ለመሥራት ወስኑ፤ ከዚያ በኋላ ራስ ምታቱ የለም። ዲሲፒ ለማሠራት ገንዘብ ካጠራችሁ ዲሲፒ-ኦ-ማቲክ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አለ፤ ኮምፒዩተራችሁ ደከም ያለ ከሆነ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ያድራል እንጂ ይሠራዋል። ከዚያ የግድ ሲኒማ ቤት አስሞክሩት። ላፕቶፕ ላይ ተከፈተ ማለት የሲኒማው ሰርቨር ይቀበለዋል ማለት አይደለም።

ሊንክ ከላካችሁ ደግሞ ውድድሩ እስኪያልቅ የይለፍ ቃሉን አትቀይሩ። ቀልድ ይመስላል፤ ግን ማታ አምስት ሰዓት ላይ «ይህ ቪዲዮ አይገኝም» የሚል ጽሑፍ ፊት ቁጭ ማለት ምን እንደሚመስል እኔ አውቃለሁ። አዘጋጆቹ ይደውላሉ፣ ዳይሬክተሩ ስልክ አያነሳም፣ ሌላ ፊልም ይከፈታል። የፋይሉ ስም «ፋይናል»፣ «ፋይናል 2»፣ «የመጨረሻ ፋይናል» ከሚሆን የፊልሙ ስም፣ ዓመተ ምሕረቱና የፍሬሙ ቁጥር ይጻፍበት።

ሙዚቃን በተመለከተ ጠንከር ብዬ ልናገር። የድሮ ዘፈን ትዕይንቱን አንዴ ከፍ ያደርገዋል፤ አውቃለሁ፣ እኔም ስቱዲዮ ውስጥ ስሰማው ፀጉሬ ይቆማል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ግን በአንድ ዘፈን ላይ ለየብቻ የሚቆሙ መብቶችን ያውቃል፦ የግጥምና የዜማ ደራሲዎች አሉ፣ ድምፃዊው አለ፣ ካሴቱን ያሳተመው አለ። ከድምፃዊው ጋር ቡና ጠጥታችሁ «ተጠቀሙበት» ካላችሁ የአንዱን በጎ ፈቃድ አገኛችሁ እንጂ የሁሉን አይደለም፤ እሱም በወረቀት ካልሆነ ላም አለኝ በሰማይ ነው። የማስገቢያ ቅጹ ላይ «የሁሉም ይዘት መብት አለኝ» ብላችሁ የምትፈርሙት እናንተ ናችሁ። አንድ ፊልም እስከ መጨረሻው ዙር ደርሶ የሙዚቃ ፈቃዱ በጽሑፍ ሲጠየቅ መልስ ጠፋና ከዝርዝሩ ወጣ። ታሪኩ ላይ ማንም ቅሬታ አልነበረውም። ወጣት ሙዚቀኛ ፈልጋችሁ አዲስ ሙዚቃ ብታሠሩ ይሻላል፤ እሱም የሚታጭበት ዘርፍ ያገኛል።

የባለሙያዎች ዝርዝር ላይ አትቸኩሉ። ዕጩ የሚሆነው በቅጹ ላይ የሰፈረው ስም ነው፤ ፊልሙ መጨረሻ ላይ የሚያልፈው ስምና ቅጹ ካልተመሳሰሉ ጣጣ ነው። ድምፅ የሚለው ቦታ ላይ የስቱዲዮ ስም ብቻ የተጻፈበት ፊልም ገጥሞናል። ማንን እንጩ? ቀረጻ ላይ የነበረውን? ሚክስ ያደረገውን? ሰዉን ለየብቻ ጻፉ። የላቲኑን አጻጻፍ ከፓስፖርቱ ጋር አንድ አድርጉት፤ ነገ የውጭ ፌስቲቫል ግብዣ ሲመጣ ለቪዛ የሚታየው እሱ ነው። ተዋናይን በየትኛው ዘርፍ እንደምታስገቡም አስቡ። ረዳት ተዋናይ ዘርፍ ውድድሩ ይቀልላል ተብሎ ግማሽ ፊልሙን ይዞ የሚሄድ ሰው እዚያ ይመዘገባል። ዳኞች ይህን ያያሉ፣ ፈገግ ይላሉ፣ ነጥቡን ግን ይነፍጋሉ።

ከቅጹ ጋር የሚጠየቀውን አጭር መግለጫ ሦስት አራት ዓረፍተ ነገር አድርጉት፤ ማን፣ ምን ፈልጎ፣ ምን ገጠመው። «ፍቅርን፣ ክህደትንና ተስፋን የሚዳስስ» የሚል መግለጫ ስለ የትኛውም ፊልም ሊጻፍ ይችላል። ፎቶ ስትልኩ ከቪዲዮው ቆርጣችሁ ሳይሆን ቀረጻ ላይ በፎቶ ካሜራ የተነሳ ይሁን። ለመጽሔትና ለፖስተር የሚመረጠው ያ ነው።

ስለ ሽልማቱ ምሽት ብዙ የምለው የለም። ልብስ ተበደሩ፣ በጊዜ ድረሱ፣ ስልካችሁን አጥፉ። መድረክ ላይ የምትጠሯቸውን ሰዎች ስም ጽፋችሁ ኪሳችሁ ክተቱ፤ መብራቱ ፊት ላይ ሲያርፍ የእናት ስም እንኳ ይጠፋል። ቡም የያዘውን ልጅና ምግብ ያበሰለችውን እናት አትርሱ። ካላሸነፋችሁ ያን ሌሊት ፌስቡክ ላይ ምንም አትጻፉ። «ተሸጧል» የሚል ጽሑፍ ጠዋት ሊጠፋ ይችላል፤ ፎቶ ያነሳው ሰው ግን አለ፤ የሚቀጥለው ዓመት ዳኛም እዚያው ሰፈር ነው ያለው። ሳምንት ቆይታችሁ አዘጋጆቹን የዳኞች አስተያየት ካለ በትሕትና ጠይቁ። አንዳንዱ ይሰጣል፣ አንዳንዱ አይሰጥም። በአጭር መልዕክት የሚሰጥ የሕዝብ ምርጫ ዘርፍን በተመለከተ እኔ ብዙም አልጨነቅበትም። ዘመድና ተከታይ የበዛለት ያሸንፋል፤ ደስ ይበለው።

ውጭ መላክ የምትፈልጉ ዓይናችሁን መጀመሪያ ወደ አህጉራችን አድርጉ። ዋጋዱጉ፣ ቡርኪና ፋሶ የሚካሄደው የአፍሪካ ፊልሞች ፌስቲቫል፣ ፌስፓኮ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 የተጀመረ ነው፤ ከ1979 ወዲህ በየሁለት ዓመቱ፣ በጎደሎ ዓመት ይደረጋል። የፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በ2009 ትልቁን ሽልማት፣ የየነንጋን ወርቃማ ፈረስ፣ የወሰደው እዚያ ነው፤ ከዚያ በፊት በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ የፊልም ጽሑፍ ሽልማትን አግኝቷል። ከዋጋዱጉ ጋር ለመገናኘት የፈረንሳይኛ የግርጌ ጽሑፍ ቢኖራችሁ መንገዱ ይቀልላል፤ ፈረንሳይኛ የሚችል ሰው አፈላልጉ።

ወደ ሌሎቹ ብዙው መላኪያ ፊልምፍሪዌይ በሚባለው ድረ ገጽ በኩል ነው። ክፍያው በዶላር ስለሆነ እዚህ ያለ ሰው ውጭ ያለ ወንድም ወይም እህት ካርድ ማስቸገሩ አይቀርም። ከመክፈላችሁ በፊት ግን ለአዘጋጆቹ ኢሜይል ጻፉ፦ ከኢትዮጵያ እንደሆናችሁ፣ በራሳችሁ ገንዘብ እንደሠራችሁ ነግራችሁ ክፍያውን እንዲያነሱላችሁ ጠይቁ። የሚያነሱ አሉ፣ ነውርም የለውም። ደግሞ ተጠንቀቁ፤ በየወሩ «ውድድር» የሚያደርጉ፣ አዳራሽም ተመልካችም የሌላቸው፣ ገንዘብ ተቀብለው «ተመርጧል» የሚል፣ ፖስተር ላይ የሚለጠፍ የዘንባባ ቅጠል ምልክት በኢሜይል የሚልኩ አሉ። ፖስተሩ ላይ ቅጠል ስለበዛ ሥራውን የሚያውቅ ሰው አይደነቅም፤ ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ያነባል። ከመክፈላችሁ በፊት ባለፈው ዓመት የትኛው አዳራሽ እንዳሳዩ፣ የትኞቹ ዳይሬክተሮች እንደተገኙ ፈልጉ። የአዳራሽ ፎቶ ካጣችሁ ዶላሩን ለኬብል ኪራይ አስቀምጡት።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ፊልሙ ሲያልቅ ስቱዲዮውን ከመሰናበታችሁ በፊት ንግግሩን፣ ሙዚቃውንና ሌላውን ድምፅ ለየብቻ የወጡ ፋይሎች አድርጋችሁ ተቀበሉ። አንድ የማውቀው ፕሮዲዩሰር ፊልሙ ተሸልሞ ቆይቶ ከውጭ የቴሌቪዥን ጣቢያ ጥያቄ መጣለት፤ የተዋናዮቹን ንግግር በራሳቸው ቋንቋ ሊተኩት ፈልገው ንግግር የሌለበትን ድምፅ ጠየቁት። ስቱዲዮው ኮምፒዩተሩን ካጸዳ ቆይቷል፤ እሱ ጋ ያለው ሁሉም የተደባለቀበት አንድ ፋይል ብቻ ነበር። ሽያጩ ቀረ። ሁለት ሃርድ ዲስክ ግዙ፣ ሁለቱም ላይ ሁሉንም ገልብጡ፣ አንዱን ሌላ ሰው ቤት አስቀምጡ፤ በየስድስት ወሩም ሰክታችሁ መከፈቱን እዩ።